የተፈተነውን ንድፍ ከነምክንያቱ ስለ መውረስ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ የእያንዳንዳችንን የሥራ ጠረጴዛና የእያንዳንዳችንን ኪስ የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት ተስፋ አለኝ። ጉዳዩም ይህ ነው። በልዩ ልዩ ሥፍራ የተቀመጡ ኮምፒዩተሮች ተባብረው አንድ ሥራ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሶፍትዌር በሚዘጋጅበት ጊዜ፥ ከዚህ በፊት ሌሎች ሰዎች አስበውና ፈትነው የተዉልንን ንድፍ እንዴት ልንጠቀምበት ይገባናል? መቼ ይጠቅመናል? መቼስ ይጎዳናል?

ነገሩን በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ምሽት፥ ለታመመች እኅቴ መድኃኒት ታዝዞላት፥ ዋጋውን 1,800 ብር ለመድኃኒት ቤቱ በእጅ ስልኬ ልከፍል ተነሣሁ። የምሥጢር ቁጥሬን አስገብቼ «ክፈል» የሚለውን እንደ ተጫንሁ መስመሩ ተቋረጠ። ገንዘቡ ሔዶ እንደ ሆነ ወይም ቀርቶ እንደ ሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኅቴ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ቆማ ትጠብቃለች፤ ባለ መድኃኒቱም ክፍያው ሳይታየው መድኃኒቱን ለመስጠት አይችልም። ምን ላድርግ? በእኔ ሥፍራ የሚሆን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ እንደ ገና ከፈልሁ። መድኃኒቱም ተሰጣት። በማግሥቱ ሒሳቤን ብመረምር ግን 3,600 ብር ወጥቷል። ደመወዝ ሊከፈል ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀረው ስለ ነበር፥ ያ ሁለተኛው 1,800 ብር የቤተ ሰቤ አስቤዛ ነበር።

ወደሚመለከተው ክፍል ሔጄ አቤት ባልሁ ጊዜ የተቀበለኝ ወጣት ሠራተኛ ትሑትና ታጋሽ ሰው ነበር። መዝገቡን በኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ከተመለከተ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ መሣሪያው ምንም ስሕተት አልሠራም። ሁለት የክፍያ ትእዛዝ ደረሰው፤ ሁለቱንም ፈጸመ። እነሆ፥ ሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው» አለኝ። ገንዘቤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ። ያ መልስ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መሣሪያው ካልተሳሳተ፥ እኔም ካልተሳሳትሁ፥ ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፥ ተከፋፍሎ የሚሠራ ሥራ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው አስቀድመን እንመልከት። አንድ ኮምፒዩተር ብቻውን ሲሠራ ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል፤ ቢቆምም ሁሉ ነገር አብሮ ስለሚቆም ነገሩ ግልጽ ነው። ሥራው ለብዙ ኮምፒዩተሮች በተከፋፈለ ጊዜ ግን አንዱ ወድቆ ሌላው ቆሞ ይገኛል፤ የቆመውም ስለ ወደቀው ምንም ወሬ የለውም። መልስ ሳይመጣ ሲቀር፥ ጥያቄው በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል፤ ወይም ጥያቄው ደርሶ ሥራው ሳይፈጸም ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ሥራው ተፈጽሞ መልሱ ጠፍቶ አለዚያም ዘግይቶ ይሆናል። ጠያቂው ከተቀመጠበት ሥፍራ ሆኖ ሲያያቸው እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ዝምታ ናቸው።

በመሥሪያ ቤት የኖርን ሰዎች ይህን ዝምታ ከኮምፒዩተር በፊት እናውቀዋለን። ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ አንድ ሩቅ ወረዳ ደብዳቤ ተጽፎ መልስ ሲዘገይ፥ ደብዳቤው በመንገድ ጠፍቶ እንደ ሆነ ወይም በአንድ ሹም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደ ሆነ ለማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መዝገብ ቤት አንድ ጥበብ አበጀ። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት በወጪ መዝገብ ተጽፎ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። መልስ ሲዘገይም ሁለተኛው ደብዳቤ እንደ አዲስ ነገር አይጻፍም፤ በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የጻፍነውን ይመለከታል ተብሎ ይጻፋል እንጂ። በተቀባዩ ዘንድ ያለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛም የገቢውን መዝገብ ገልጦ የመጀመሪያው ደርሶ፥ ጉዳዩም ተፈጽሞ እንደ ሆነ ይመለከታል። ተፈጽሞ ቢያገኘው የመልሱን ግልባጭ ይልካል እንጂ ጉዳዩን ሁለተኛ አያስፈጽምም። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ገንዘብ እንዳይከፈል የሚጠብቀን ይህ ትንሽ የሚመስል ቁጥር ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውቃለሁ። በ1984 ዓ.ም. አንድሪው ቢረልና ብሩስ ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ በካሊፎርንያ በፓሎ አልቶ ከተማ በሚገኘው በዜሮክስ የምርምር ማእከል ስለ ሠሩት ሥራ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ጽሑፉም አንድ ኮምፒዩተር በሩቅ ያለውን ሌላ ኮምፒዩተር ሥራ የሚያዝዝበትን ዘዴ የሚገልጽ ነበር። በዚያ ዘዴ ላኪው ለእያንዳንዱ ጥሪ ልዩ መለያ ይሰጠዋል፤ መልስ ካልመጣለት ያንኑ ጥሪ በዚያው መለያ ደግሞ ይልካል፤ ተቀባዩም መለያውን አይቶ የተደገመውን ጥሪ ከአዲሱ ይለየዋል። እነዚህ ሰዎች ይህን ያደረጉት የእኛን መዝገብ ቤት አይተው አይደለም። ነገር ግን ችግሩ አንድ ስለ ሆነ መፍትሔውም አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ገንዘብ የሚያዘዋውሩ ብዙ ሥርዐቶች ይህንኑ ንድፍ በልዩ ልዩ መልክ ይሠሩበታል።

እንግዲህ ንድፍ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልግለጽ። የተሠራውን ሶፍትዌር እንዳለ ገልብጦ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ የሶፍትዌሩን ንድፍ መጠቀም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው የጎረቤቱን በር ነቅሎ በራሱ ቤት ላይ ልግጠም ቢል ወይ ይሰፋበታል ወይ ይጠብበታል። በሩ ለምን በዚያ በኩል እንደ ተከፈተ፥ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፥ ብርሃኑም በየት እንደሚገባ ጠይቆ የተረዳ ሰው ግን በራሱ ቤት ልክ ሌላ በር ለመሥራት ይችላል። ይህን አሳብ በሰፊው ጽፎ ያቀረበው የኮምፒዩተር ዐዋቂ ሳይሆን የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ነው። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለው ይህ ሰው በ1977 ዓ.ም. ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከከተማ አሠራር ጀምሮ እስከ ቤት ውስጥ ዝርዝር ድረስ 253 ንድፎችን ገልጧል። ንድፎቹም ብቻቸውን አልቆሙም፤ የሚፈቱት ችግር ከነምክንያቱ ተጽፎላቸዋል።

በ1987 ዓ.ም. ኬንት ቤክና ዋርድ ከኒንግሃም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን የሕንፃ ሠሪዎች አሳብ ወደ ሶፍትዌር ሥራ አመጡት። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲዲስ 23 ንድፎችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አወጡ። በእነርሱ አስተሳሰብ አንድ ንድፍ አራት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል፤ እነዚህም ስም፣ ችግር፣ መፍትሔና ውጤት ናቸው። ውጤት ማለትም ንድፉ የሚያስገኘው ጥቅምና የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። በዚህ ንግግሬ ከሁሉ አስበልጬ የማሳስባችሁ ይህን አራተኛውን ነው፤ ብዙ ሰው መፍትሔውን ብቻ አንሥቶ ሲሔድ፥ ችግሩንና ዋጋውን ከኋላው ጥሎ ይሔዳልና።

ተከፋፍሎ ለሚሠራ ሥራ ከሚያገለግሉት ንድፎች ጥቂቱን ላንሣ። የመጀመሪያውን በአማርኛ እንደራሴ ብንለው የሚስማማው ይመስለኛል። በሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር ለማዘዝ የሚፈልግ ፕሮግራም የመስመሩን ጣጣ ሁሉ ራሱ እንዳይሸከም በአጠገቡ እንደራሴ ይቆምለታል። ፕሮግራሙ ለእንደራሴው ይነግረዋል፤ እንደራሴው ቃሉን ጠቅልሎ ወደ ሩቁ ይልካል፤ መልሱንም ተቀብሎ ያስረክባል።

ሁለተኛው ንድፍ ደላላ ነው። በ1996 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሲመንስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ፍራንክ ቡሽማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ንድፍ ተዘርዝሮ ይገኛል። ፈላጊና አቅራቢ አንዱ የሌላውን አድራሻ ሳያውቅ ደላላው ያገናኛቸዋል። አቅራቢው ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ቢዛወር አዲሱን አድራሻ ለደላላው ማስታወቅ ይበቃል፤ የፈላጊዎቹ ሥራ አይታወክም። ዋጋውም የታወቀ ነው። ነገር ሁሉ በደላላ በኩል ሲያልፍ ይዘገያል፤ ደላላው በታመመበት ቀንም ገበያው ይቆማል።

እንደራሴም የራሱ ዋጋ አለው፤ የእርሱ ዋጋ ግን ስለማይታይ የበለጠ ያሳስታል። እንደራሴው ሥራውን በመልካም ሲሠራ ሩቁ ነገር ቅርብ ይመስላል፤ ፕሮግራሙን የሚጽፈውም ሰው ርቀት መኖሩን ይረሳዋል። በ1994 ዓ.ም. ጂም ዋልዶና ሦስት ባልደረቦቹ በሰን ማይክሮሲስተምስ የምርምር ክፍል በጻፉት ጽሑፍ፥ ቅርቡንና ሩቁን አንድ አስመስሎ መሥራት ስሕተት መሆኑን ገለጡ። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አንድ ኮምፒዩተር በገዛ ራሱ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለውን ነገር ለማንበብ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን በቀጥታ ቢለካ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በመስታወት ገመድ ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን ደግሞ በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሔዳል። ስለዚህ መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመለስ፥ ምንም እንቅፋት ባይኖር እንኳ፥ ከሰከንድ መቶ እጅ ስድስት እጅ ያህል ያስፈልጋል። ይህም ከፊተኛው 600,000 ጊዜ ይበልጣል። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት ለማውጣት አንድ ሰከንድ የሚበቃው ጸሐፊ፥ በዚህ ሒሳብ ሌላውን ወረቀት ለማግኘት ሰባት ቀን ያህል ይጠብቃል ማለት ነው። ሰባት ቀን የሚጠበቀውንና በአንድ ሰከንድ የሚገኘውን በአንድ ዓይነት የሚያዝዝ አለቃ ቢኖር፥ የሥራው ዕቅድ እንዴት እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ።

የጊዜው ነገር ብቻም አይደለም። በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፒተር ዶይች ተከፋፍሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ጀማሪዎች የሚያምኗቸውን ሐሰተኛ እምነቶች ዘርዝሮ ነበር። ከእነዚህም የመጀመሪያው መስመሩ አይቋረጥም ብሎ ማመን ነው። በእኅቴ መድኃኒት ምክንያት የደረሰብኝን የሰማችሁ ሁሉ ይህ እምነት የማንን ኪስ እንደሚያራቁት አይታችኋል።

ሦስተኛው ንድፍ ስሙን ያገኘው በየቤታችን ካለው የኤሌክትሪክ ብሬከር ነው። ማይክል ናይጋርድ የተባለ አሜሪካዊ በ2007 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ንድፍ በሰፊው አሳወቀው። አንድ ኮምፒዩተር ሌላውን ጠርቶ መልስ ሲያጣ፥ ሳያቋርጥ ቢጠራው የደከመውን ይበልጥ ያደክመዋል፤ ራሱም በመጠበቅ ይታሰራል፤ እርሱን የሚጠብቁትም እንዲሁ ይታሰራሉ፤ ድካሙም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። ስለዚህ ያልተሳካው ጥሪ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ብሬከሩ ይወርዳል። ለጥቂት ጊዜም ጥሪ ሁሉ ወዲያውኑ አሁን አይቻልም ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አንድ ጥሪ ለሙከራ ይላካል፤ ቢሳካ መስመሩ እንደ ገና ይያያዛል። የዚህም ንድፍ ዋጋ አለ። ቁጥሩንና ጊዜውን በትክክል ያልወሰነ ሰው፥ ሊሠራ የሚችለውን አገልግሎት በከንቱ ይዘጋዋል፤ ባለ ጉዳዩም ያለ ምክንያት ነገ ተመለስ ይባላል።

አራተኛውን ንድፍ በ1987 ዓ.ም. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ኬኔት ሳሌም ሳጋ ብለው ሰየሙት። አሳቡም ረጅሙን ሥራ በትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ፥ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያቃናውን ተቃራኒ እርምጃ አብሮ ማዘጋጀት ነው። ለምሳሌ ለአንድ መንገደኛ የአውሮፕላን ቲኬት ይያዝለታል፤ ቀጥሎ የሆቴል ክፍል ይያዝለታል፤ በመጨረሻ ገንዘቡ ይከፈላል። ክፍያው ባይሳካ የሆቴሉ ክፍል ይለቀቃል፤ ቲኬቱም ይሠረዛል። ሊቃውንቱ ይህን ያወጡት በመረጃ ቋት ውስጥ ብዙ ጊዜ ለሚፈጁ ሥራዎች ነበር። ዛሬ ግን በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍለው ለሚሠሩ አገልግሎቶች ተወርሶ ይሠራበታል። ሆኖም ሥራው ሳይፈጸም በመካከል ያለውን ሁኔታ ሌላ ሰው ሊያየው እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ደግሞም የማይመለስ ነገር አለ። ተልኮ የተነበበ ደብዳቤ አልተነበበም ሊባል አይችልም፤ የሚቻለው ማረሚያ መጻፍ ብቻ ነው።

እስከ አሁን በብዛት የተናገርሁት መውረስ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። ሳይመረምሩ መውረስ የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ ከአንድ እውነተኛ ታሪክ እንማር። በ1996 ዓ.ም. ጁን 4 ቀን አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በደቡብ አሜሪካ፥ በፈረንሳይ ጊያና፥ ኩሩ ከሚባለው ሥፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። አራት የምርምር ሳተላይቶች ተሸክሞ ነበር። የማስነሻው ሥርዐት ከጀመረ ከ40 ሰከንድ ያህል በኋላ ከመንገዱ ወጥቶ በሰማይ ላይ ተሰባበረ። ዣክ ሉዊ ሊዮንስ በተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የመርማሪዎች ጉባኤ ምክንያቱን በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ገለጠ።

ምክንያቱም ይህ ነበር። የሮኬቱን አቅጣጫና ፍጥነት በሚለካው መሣሪያ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ከቀድሞው ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር። በዚያ ሶፍትዌር አንድ በ64 ቢት የተጻፈ ቁጥር በ16 ቢት ወደሚጻፍ ቁጥር ይለወጥ ነበር፤ በ16 ቢት የሚጻፈው ደግሞ ከ32,767 የሚበልጥ ቁጥር ለመያዝ አይችልም። በአሪያን 4 ጉዞ ቁጥሩ ከዚህ አያልፍም ተብሎ ታስቦ ነበር፤ አሳቡም ትክክል ነበር፤ ሶፍትዌሩም በዚያ ሮኬት ላይ በመልካም አገልግሏል። አሪያን 5 ግን በአግድም የሚሔድበት ፍጥነት ከቀድሞው እጅግ ስለሚበልጥ ቁጥሩ ከመያዣው በላይ ሆነ፤ መሣሪያውም ሥራውን አቆመ። ይህ ስሌት ለአሪያን 5 ሮኬቱ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ምንም የማይጠቅም መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አሳዛኝ ያደርገዋል። ለአሪያን 4 ሲባል እንዲቀጥል ተደርጎ የነበረው ልማድ፥ ምክንያቱ ሳይጠየቅ አብሮ ተሻገረ።

ከዚህም በላይ አንድ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ተብሎ መሣሪያው ሁለት ሆኖ ተሠርቶ ነበር። ተጠባባቂ ማቆም ራሱ የታወቀና የከበረ ንድፍ ነው። ነገር ግን ይህ ንድፍ የተመሠረተው አንዱ መሣሪያ በድንገት ቢበላሽ ሌላው ደኅና ይሆናል በሚል አሳብ ላይ ነው። በአሪያን 5 ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ስለ ነበራቸው፥ ተጠባባቂው ከዋናው ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ምክንያት ወደቀ። አንድ ዓይነት የተሳሳተ ሒሳብ የተማሩ ሁለት ጸሐፊዎች ቢቀመጡ አንዱ የሌላውን ስሕተት ለማረም አይችልም።

አሁን ወደ ጀመርሁበት ነገር፥ ወደዚያ ወጣት ሠራተኛ መልስ ልመለስ። ሁለቱም ትእዛዞች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ቁጥር የመስጠቱ ንድፍ በዚያ ሥርዐት ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ምክንያቱ ግን አልነበረም። ጣቴ በተጫነ ቍጥር አዲስ ቁጥር ይሰጥ ነበር። መዝገብ ቤት ለአስታዋሹ ደብዳቤ የፊተኛውን ቁጥር ሳይጠቅስ እንደ አዲስ ቢጽፈው፥ ተቀባዩ ሁለት ጉዳይ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ቢፈጽም አይፈረድበትም። ቁጥሩ ሊሰጥ የሚገባው ለጣቴ ሳይሆን ለጉዳዬ ነበር። ይኸውም ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ተሰጥቶ፥ የጉዳዩ መጨረሻ እስኪታወቅ ድረስ ሳይለወጥ፥ በተቀባዩም ዘንድ በቂ ለሆነ ጊዜ ተመዝግቦ መቆየት ነበረበት። አንድ ሰው በእውነት ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ለመግዛት ሊፈልግ ስለሚችል፥ ሁለተኛውን ክፍያ በጭፍን መከልከልም መፍትሔ አይሆንም። ስልኩ መስመር ባገኘ ጊዜ «መጨረሻው ያልታወቀ ክፍያ አለ፤ ስለ እርሱ ልጠይቅ ወይስ አዲስ ልክፈል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ፥ ያን ሦስት ሳምንት አልቸገርም ነበር። ስለዚህ የተሳሳተው መሣሪያው አይደለም፤ ንድፉን ያለ ምክንያቱ የወረሰው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ ሥራ አይደለም፥ የመሐንዲሶች ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ሆኖም ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን በኮምፒዩተር ለመስጠት ይደክማል፤ ውሉን የሚፈርመው፣ ፍላጎቱን የሚጽፈው፣ ሥራውንም የሚረከበው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ፥ የእኛ ሥራ ልዩ ስለ ሆነ ሁሉንም ከመሠረቱ እኛው እናውጣው ይላል። ይህ ሰው ሌሎች በብዙ ድካምና በብዙ ኪሣራ የተማሩትን እንደ ገና በገዛ ገንዘቡ ይማረዋል። ሌላው፥ በውጭ አገር የሚሠራበት ስለ ሆነ እንዳለ እናምጣው ይላል። ይህኛው ደግሞ የአሪያን 4ን ልማድ በአሪያን 5 ላይ ይጭናል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ኮምፒዩተር በደኅና የሚፈጸመውን ሥራ፥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያደርጋሉ በማለት ብቻ በሃያ ኮምፒዩተሮች ላይ መበተን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የሚሻለው መካከለኛ መንገድ ነው፤ ንድፉን መውረስ፥ ነገር ግን ከነምክንያቱ መውረስ። ለዚህም የመሐንዲስነት ትምህርት የማያስፈልጋቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ሶፍትዌር አቅራቢው በፊታችሁ በተቀመጠ ጊዜ ጠይቁት። ሥራው በእርግጥ በብዙ ሥፍራ መከፋፈል ያስፈልገዋልን? ትእዛዝ ከተላከ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ ባለ ጉዳዩ ምን ያያል? ያው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ስንት ጊዜ ይፈጸማል? ከአምስት እርምጃዎች ሦስቱ ተፈጽመው አራተኛው ቢቀር፥ የተፈጸሙትን ማን ያቃናቸዋል? ይህ ንድፍ አስቀድሞ በየት ሠራ፥ የእኛስ ሁኔታ ከዚያ በምን ይለያል? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉት፤ በፊታችሁ መስመሩን ነቅሎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

የተሰጠውንም መልስ በጽሑፍ አድርጋችሁ ከፋይሉ ጋር አያይዙት። ምን ችግር ለመፍታት ይህ ንድፍ እንደ ተመረጠ፥ ምን ነገር እውነት ነው ተብሎ እንደ ታሰበ፥ ምን ዋጋም እንደሚያስከፍል ከነቀኑ ይጻፍ። ሥራውን ያሠራው ኃላፊ ይዛወራል፤ መሐንዲሱም ወደ ሌላ ሥራ ይሔዳል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያንን ሥርዐት የሚረከበው ወጣት ከዚያ ወረቀት በቀር የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ያ ወረቀት ከሌለ እርሱም እንደ ተለመደው ይገለብጠዋል፤ ዋጋውንም የማያውቀው ሌላ ሰው ይከፍለዋል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ሌሎች ያወጡትን ንድፍ መውረስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ፥ ከአገርም ወደ አገር የሚሻገረው በዚህ ነው። የሚያሳፍረው የወረሱትን ነገር ምክንያት ሳይጠይቁ በሰው ገንዘብና በሰው ጉዳይ ላይ መሞከር ነው። በእያንዳንዱ ተከፋፍሎ በሚሠራ ሶፍትዌር ጫፍ ላይ፥ በአንድ መስኮት ፊት ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ያ ሰው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያሰበ ንድፍ፥ እርሱ መልካም ንድፍ ነው።